ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ከመርጨታችን በፊት የበሽታውን ስም እንወቅ

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንነጋገረው ማዕድ ላይ ስለ ቀረበ ምግብ ነው። ሕፃን ልጅ ምን ይብላ? ነፍሰ ጡር ምን ይጨመርላት? የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው በምን ያፍጥር? የሚሉትን ጥያቄዎች እናነሳለን። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ከድስቱ ተነሥቶ ወደ ማሳው ይሄዳል። ድስቱ ውስጥ የሚገባው ምስርና ባቄላ ማሳ ላይ እያለ ከታመመ፣ የቤተሰቡ ጤና መጓደል የሚጀምረው ወጡ ሳይሠራ ነውና።

ጉዳያችን የሰብል በሽታ፣ በተለይም የእጽዋት ቫይረስ ነው። ይህን በሽታ በዓይን ብቻ አይቶ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። በዘረ-መል ምርመራ ግን ማንነቱን ማወቅ ከተቻለ ዓመታት ተቆጥረዋል። የጽሑፉ አቋም አጭር ነው፤ በታመመ ሰብል ላይ መድኃኒት ከመርጨታችን በፊት የበሽታውን ስም ማወቅ አለብን። ስሙን የሚነግረን ምርመራም ለዓለም ከተማና ለመርሐቤቴ ገበሬ እጅ የሚደርስበት መንገድ ሊዘረጋ ይገባል።

ማዕዳችን የቆመው በጥራጥሬ ላይ ነው

እስቲ የቤትዎን የሳምንት ምግብ ያስቡ። ሥጋ በየቀኑ አይገኝም። ወተትና እንቁላልም ቢሆን ከገበያ የሚወጣው ሳይቀር ቤት የሚቀረው ጥቂት ነው። ሽሮው፣ ክኩ፣ ምስር ወጡ፣ የባቄላ ንፍሮው ግን አይጠፋም። ረመዳን ሲገባም ለማፍጠሪያ የሚቀርበው ሳምቡሳ በአብዛኛው ቤት በምስር የተሞላ ነው።

ይህ ለጤና ታላቅ ጥቅም አለው። ከ100 ግራም ደረቅ ምስር ወይም ባቄላ ውስጥ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ጤፍና ማሽላ ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ከዚህም በላይ በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬ ውስጥ በብዛት ይገኛል። እንጀራና ምስር አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ለነፍሰ ጡር እናት የሚያስፈልገው ፎሌትና ብረትም በጥራጥሬ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሥጋ በማይዘወተርበት ቤት የጥራጥሬ ማሳ መጎዳት ማለት የልጆች ፕሮቲንና የእናቶች ደም መጎዳት ማለት ነው።

አንድ ቀለም፣ ብዙ ምክንያት

ባቄላው በሐምሌና በነሐሴ ለምልሞ ይታያል። መስከረም ላይ ግን እዚህም እዚያም ቢጫ ይሆናል፣ ቁመቱ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ሽምብራውና ምስሩም ከተዘሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንዲሁ ይሆናሉ። ሰዉ ምን ይላል? አንዱ «ውርጭ መታው» ይላል። ሌላው «ምች ነው» ይላል። ሌላው «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ይላል። «ዓይን በልቶት ነው» የሚልም አይጠፋም።

ችግሩ ሁሉም ለመገመት የሚያበቃው ነገር ማየቱ ነው። የጥራጥሬ ቅጠል ቢጫ የሚሆነው በብዙ ምክንያት ነውና። ጥቁር አፈር ውሃ ሲያቁር ሥሩ አየር አጥቶ ቢጫ ይሆናል። አፈሩ ውስጥ ያለ ፈንገስ ሥሩን ሲያበሰብሰው ቢጫ ይሆናል። የአፈር ምግብ ሲያንሰው ቢጫ ይሆናል። ቫይረስ ሲይዘውም ቢጫ ይሆናል። ቀለሙ አንድ ነው፤ መፍትሔው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ቦይ ቀድዶ ውሃ ማጠንፈፍን ይፈልጋል። ሁለተኛው ሰብል ማፈራረቅንና ዘር መቀየርን ይፈልጋል። ሦስተኛው አፈሩን ማከምን ይፈልጋል። አራተኛው ግን ከበሽታው በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት የለም። እስካሁን በማሳ ላይ ተረጭቶ ቫይረስን ከታመመ ተክል የሚያስወጣ መድኃኒት አልተገኘም።

ትኩሳት የያዘው ሰው እናት ሆስፒታል ሲሄድ ሐኪሙ ወባ ይሁን፣ ታይፎይድ ይሁን፣ ሌላም ይሁን ለማወቅ ደም ያስመረምራል። ትኩሳት በሽታ አይደለም፣ የበሽታ ምልክት ነው። የቅጠል ቢጫነትም እንዲሁ ነው። ታዲያ ለልጃችን ያለ ደም ምርመራ መድኃኒት መስጠት ስሕተት መሆኑን እያወቅን፣ ልጃችንን ለሚመግበው ማሳ ለምን ያለ ምርመራ እንረጫለን?

የእጽዋት ቫይረስ ምንድን ነው?

ቫይረስ እጅግ ደቃቅ ነገር ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ የሚባለው የዘር መመሪያ በፕሮቲን ሽፋን ተጠቅልሎ ያለ ቅንጣት ነው። ራሱን ችሎ አይራባም፤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሕዋሱ የእርሱን ቅጂ እንዲሠራ ያስገድደዋል። ሰው ስለ ቫይረስ መኖር መጀመሪያ ያወቀውም ከተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥርቶ በጤነኛ ትምባሆ ላይ ቢሞክረው በሽታው ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ1898 ሆላንዳዊው ማርቲነስ ቤየሪንክ ነገሩ ከባክቴሪያ የተለየ መሆኑን አስረዳ።

እዚህ ላይ እናቶች ሊጠይቁ የሚችሉትን እንመልስ። የታመመ ባቄላ የበላ ሰው ቫይረሱ ይይዘዋልን? አይይዘውም። የእጽዋት ቫይረስ ሰውን አያሳምምም። ቫይረስ ካለበት ማሳ የተሰበሰበ ምስር በአግባቡ ደርቆና ተበጥሮ ከተቀመጠ በቫይረሱ ምክንያት የሚጣል አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በር ነው፤ ምርቱ ያንሳል፣ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ገበሬውም ባላወቀው በሽታ ላይ መርዝ ይረጫል።

ለጥራጥሬያችን ዋነኛው አስተላላፊ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ነፍሳት ነው። ክሽክሹ የታመመውን ተክል ጭማቂ ሲመጥ ቫይረሱን ይወስዳል፤ ወደ ጤነኛው ሲበር ይዞት ይሄዳል። ሌሎች ቫይረሶች ደግሞ በዘር ውስጥ ተደብቀው ከዓመት ዓመት ይተላለፋሉ። ይህ ልዩነት ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው። በክሽክሽ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ ካለፈው ዓመት ምርት የተቀመጠ ዘር ቫይረሱን አያመጣም። በዘር የሚተላለፍ ከሆነ ግን ያንን ዘር መልሶ መዝራት በሽታውን በእጅ መዝራት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያሳውቀው ስሙ ብቻ ነው።

የኮሮናው ምርመራና የቅጠሉ ምርመራ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ፒሲአር የሚለውን ቃል ያልሰማ ቤት አልነበረም። ከአፍንጫና ከጉሮሮ በጥጥ የተወሰደው ናሙና ላቦራቶሪ ይሄድ ነበር። የቅጠሉ ምርመራም በመሠረቱ ያው ነው። በአፍንጫው ፈንታ ቅጠል ይቆረጣል እንጂ መሣሪያውም ዘዴውም አንድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉ ተወቅጦ ውስጡ ያለው የዘር መመሪያ ይጣራል። መመሪያው አርኤንኤ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ቀጥሎ የሚፈለገውን ቫይረስ ብቻ ፈልገው የሚይዙ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ይጨመራሉ። መሣሪያው ድብልቁን እያሞቀና እያቀዘቀዘ የተገኘውን ቁራጭ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት፣ አራቱን ስምንት እያደረገ ያበዛዋል። ይህ 30 ጊዜ ሲደጋገም ከአንዲት ቅጂ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቅጂ ይገኛል። ቫይረሱ ካለ ይታያል፤ ከሌለ የሚበዛ ነገር የለም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1983 የፈለሰፈው አሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1993 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ከዚህ በፊት የነበረውና አሁንም የሚሠራበት ኤሊሳ የተባለ ዘዴ አለ። እርሱ የቫይረሱን የፕሮቲን ሽፋን በፀረ-አካል ይፈልጋል። ዋጋው ይቀንሳል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ናሙና ያያል። ነገር ግን ሽፋናቸው የሚመሳሰል ቫይረሶችን አንዳንዴ ያምታታል። በልብስ ሰውን እንደ መለየት ነው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጋቢ ከለበሱ ከሩቅ ይሳሳታሉ። የዘረ-መል ምርመራ ግን የቫይረሱን የራሱን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ያነባል።

በአገራችን ማሳ የተገኘው ምንድን ነው?

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አዳነ አብርሃም ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከኢትዮጵያ ማሳዎች የተሰበሰቡ ቢጫ የሆኑና የቀጨጩ የሽምብራና የባቄላ ናሙናዎች ውጤት አሳተመ። በፀረ-አካል የተደረገው ምርመራ አንድ ያልታወቀ ነገር መኖሩን ጠቆመ እንጂ ማንነቱን አልተናገረም። የዘር መመሪያው ተባዝቶ ሲነበብ ግን ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ያልተመዘገበ አዲስ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ከሽምብራውና ከባቄላው የተገኙት 96 በመቶ ተመሳሳይ ነበሩ፤ ሁለቱን ሰብል የያዛቸው አንድ በሽታ ነበር ማለት ነው። የሽፋኑ ፕሮቲን በጣም ከሚቀርበው የታወቀ ቫይረስ ጋር እንኳ የተመሳሰለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሙሉ መመሪያው 5,900 ፊደል ነው። ስሙም ሽምብራን ከሚያቀጭጭበትና ከሚያገረጣበት ምልክት ተወሰደ።

ከጥናቱ ለገበሬው የሚጠቅመው ሌላም ነገር አለ። አራት የክሽክሽ ዓይነቶች ተሞክረው ቫይረሱን ያስተላለፈው አንዱ ብቻ፣ ጥቁሩ ክሽክሽ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ስሙ ሲታወቅ ጠላቱም ተለይቶ ታወቀ። ለቫይረሱ የተሠራው የመጀመሪያው ፀረ-አካል ሳይታሰብ ሌሎች ቫይረሶችንም ይይዝ ስለነበር ሌላ የጠራ ፀረ-አካል መሥራት ግድ ሆኗል። የጋቢው ምሳሌያችን በእውነት የደረሰ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በፈረንሳይና በጀርመን ተመራማሪዎች የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ከኢትዮጵያ የተገኘ ባቄላን የሚያቀጭጭ ቫይረስ መመሪያው በስምንት ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ተከፋፍሎ የሚገኝ መሆኑን አሳየ። ስምንቱን ቀለበቶች በላቦራቶሪ አባዝተው ወደ ጤነኛ ባቄላ ሲያስገቧቸው ያው በሽታ ተነሣ። የበሽታው ምክንያት ያለ ጥርጥር ታወቀ።

ለአካባቢያችን በጣም የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከቫይረስ ወገን አይደለም። ቆርምድ የሚባለውን የባቄላ በሽታ የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ ያውቀዋል። ቅጠሉና ግንዱ ላይ እብጠት እያወጣ ባቄላውን የሚያኮማትረው ይህ በሽታ በአገራችን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ለዓመታት በቻይናና በጃፓን የእጽዋት ጽሑፎች ከሚታወቅ በሽታ ጋር ስለተመሳሰለ ኦልፒዲየም የተባለ ተሕዋስ ያመጣው ነው ሲባል ቆየ። በዚህም ስም ጽሑፍ ተጻፈ፣ ሥልጠና ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ኢትዮጵያውያኑ በየነ ቢተውና ሰዒድ አህመድ ከማል የተሳተፉበት ከአውስትራሊያ ባለሙያዎች ጋር የተሠራ ጥናት ዲኤንኤውን አንብቦ እውነተኛው ተጠያቂ ፊዞደርማ የተባለ ሌላ ተሕዋስ መሆኑን አሳወቀ።

ልብ ይበሉ! የተማሩ ሰዎች በማይክሮስኮፕ አይተው እንኳ ለአሥር ዓመት ያህል በሌላ ስም ሲጠሩት ኖረዋል። ይህ የባለሙያዎቹ ነውር አይደለም፤ የዓይን ድካም ነው። እውቀት ራሱን ሲያርም እንዲህ ነው። ነገር ግን ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ካልለየው፣ እርስዎና እኔ ማሳ ዳር ቆመን «ይሄ እንዲህ ነው» ብለን መድኃኒት ለመግዛት የምንሮጠው በምን ድፍረት ነው?

በቆሎን በተመለከተም ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ የታየውና የበቆሎ ማሳን ከዳር እስከ ዳር የሚያደርቀው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ ተገኝቷል። በዘረ-መል ምርመራ እንደታወቀው በሽታውን የሚያመጡት ሁለት ቫይረሶች ተባብረው ነው። አንዱ ብቻውን ሲሆን ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ነው የሚገድሉት። ይህን የመሰለ ነገር በዓይን ሊታይ ከቶ አይችልም።

ስሙን አለማወቅ ስንት ያስከፍላል?

የመጀመሪያው ዋጋ ገንዘብ ነው። ነፍሳትን የሚገድል መድኃኒት ፈንገስን አይገድልም። ፈንገስን የሚገድል ቫይረስን አይነካም። ገበሬው ግን ለዘይትና ለልጆች ደብተር ያሰበውን ብር ለማይሠራ ጠርሙስ ይከፍላል።

ሁለተኛው ዋጋ የቤተሰብ ጤና ነው። ማላታይንና መሰሎቹ መርዝ ናቸው። ያለ ጓንትና ያለ መሸፈኛ የሚረጨው ሰው በቆዳውና በትንፋሹ ይወስደዋል። የተረፈው ጠርሙስ እህል ካለበት ጎተራ ሥር ይቀመጣል። ባዶው ጀሪካን ታጥቦ የውሃ መቅጃ ይሆናል። ይህ በጭራሽ መደረግ የለበትም! የመርዝ ዕቃ በማጠብ አይጠራም። አጭዶ ለመብላት ጥቂት ቀን ሲቀረው የተረጨ እሸት ደግሞ ሕፃናት እጅ ይገባል። ቫይረሱ ሰውን አያሳምምም ብለናል። በግምት የተረጨበት መርዝ ግን ያሳምማል።

ሦስተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው። ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ሲከሽፉ ድርቅንና ችግርን የሚችለው ጓያ ብቻውን ይቀራል። ጓያ በመጠኑና ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ምግብ ነው። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ነርቭን ጎድቶ እግርን ያሽመደምዳል። ጉዳቱም ተመልሶ የሚድን አይደለም። በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከድርቅ በኋላ በደላንታ የደረሰው ይኸው ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ጥራጥሬ ቢኖር ኖሮ ጓያ ዋና ምግብ አይሆንም ነበር። እንግዲህ ሰውን የማይነካ ቫይረስ በዚህ መንገድ ዞሮ የሰው እግር ላይ ሊደርስ ይችላል።

«ምርመራው ምን ይፈይዳል?» ለሚሉ

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም ሚዛን አላቸው። የመጀመሪያው «መድኃኒት ለሌለው በሽታ ስሙን ማወቅ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። መልሱ፣ ስሙ ምን ማድረግ እንደሌለብን ይነግረናል የሚል ነው። የማይሠራ መርዝ አንገዛም። ቀጥሎም ምን ማድረግ እንዳለብን ይነግረናል። በዘር የሚመጣ ከሆነ ዘር እንቀይራለን። ክሽክሽ የሚያመጣው ከሆነ ገና በጅምሩ ቢጫ የሆኑትን ጥቂት ተክሎች ነቅለን እናስወግዳለን፣ የመዝሪያ ጊዜን እናስተካክላለን፣ ምርምር ያወጣውን የሚቋቋም ዝርያ እንጠይቃለን። ሁሉም መድኃኒት ከጠርሙስ አይወጣም።

ሁለተኛው «ከመርሐቤቴ የትኛው ገበሬ ነው ለአንድ ቅጠል ፒሲአር የሚያስደርገው?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ መሣሪያው መብራት ይፈልጋል፣ ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ የሠለጠነ እጅም ያሻል። ነገር ግን እያንዳንዱ ገበሬ ማስመርመር የለበትም። የአንድ ቀበሌ ማሳዎች በአንድ ወቅት ተመሳሳይ ምልክት ካሳዩ ከተለያዩ ማሳዎች የተወሰዱ ጥቂት ናሙናዎች ለሁሉም ይመሰክራሉ። የአንዱ ማሳ ውጤት የጎረቤት ሁሉ እውቀት ነው። የአንድ ሰው ደም ውጤት ለጎረቤቱ አይሆንም፤ የቅጠል ውጤት ግን ይሆናል። ይህ ወጪውን እጅግ ያቀለዋል።

ዘዴውም እየቀለለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን የታተመ ላምፕ የተባለ ዘዴ እንደ ፒሲአር መሞቅና መቀዝቀዝ አይፈልግም፤ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ በሚሆን አንድ ሙቀት ላይ ብቻ ይሠራል። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያም ተመራማሪዎች በመዳፍ የምትያዝ የዲኤንኤ ማንበቢያ ይዘው ካሳቫ ማሳ ድረስ ሄደው ቫይረሱን እዚያው ለይተዋል፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ካሳቫ ማሳ የደረሰ ነገር ምስር ማሳ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

በአገራችንም መነሻው አለ። ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል በዞናችን ውስጥ ነው። ሆለታ ላይ ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። አምቦ በእጽዋት ጥበቃ ምርምር የቆየ ማዕከል ነው። የጎደለው ከማሳው እስከ ማዕከሉ ያለው መንገድና ከማዕከሉ ወደ ማሳው የሚመለሰው ወረቀት ነው። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ በጥናት መጽሔት ብቻ ከቀረ ቅጠሉን የሰጠው ገበሬ ምን አተረፈ? እንደ እኔ አስተያየት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ ናሙና የሚሰበስብበት ቋሚ ቀን ሊኖረው ይገባል። ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌው፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሊነበብ ይገባል።

እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ ምን ያድርጉ?

መንገዱ እስኪዘረጋ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የሚከተሉትን ማንኛውም ቤተሰብ ማድረግ ይችላል።

ባቄላዎ ወይም ምስርዎ ቢጫ ሲሆን መጀመሪያ አንዱን ተክል ከሥሩ ነቅለው ይመልከቱ። ሥሩ ከጠቆረና ከበሰበሰ ነገሩ የውሃ ማቆር ወይም የፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ጤነኛ ሆኖ ጫፉ ከቀጨጨና ቅጠሉ ሥር ክሽክሽ ካለ ቫይረስን ይጠርጥሩ። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። ለመርጨት ሳይሆን ለመጠየቅ ይጠቀሙበት።

ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ናሙና ሲሰጡ ፈጽሞ የደረቀውን ሳይሆን ገና መታመም የጀመረውን ይምረጡ። ከተለያዩ ተክሎች ለጋ ቅጠል ይውሰዱ፤ ለማነጻጸሪያም ከጤነኛ ተክል አንድ ይጨምሩ። እርጥብ ቅጠል በላስቲክ ታፍኖ ስለሚበሰብስ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ከፀሐይ ያርቁት። ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ የዘሩን ምንጭና ዐምና ማሳው ላይ ምን እንደነበረ ይጻፉበት። ልጆችዎ ስልክ ካላቸው ማሳውን ፎቶ ያንሱት።

ለዘር የሚሆነውን ከታመመው ጥግ አይውሰዱ፤ ካማረው የማሳው ክፍል ለይተው ያስቀምጡ። ዘር የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ ማሳዎ ታሞ እንደነበር ለገዢው ይንገሩ። የታመመ ማሳ ዘርን ጤነኛ ነው ብሎ መሸጥ አማና ማጉደል ነው። ጉዳቱም በአንድ ገዢ አይቆምም፤ በሚቀጥለው ዓመት የጎረቤት ሁሉ ይሆናል።

መርዝ መርጨት ግድ ሲሆን ባለሙያ ስሙን ለይቶ ባዘዘው ብቻ፣ በታዘዘው መጠን፣ አፍና እጅን ሸፍነው ይርጩ። ዕቃውን ከሕፃናትና ከእህል ያርቁ። ባዶውን ለውሃ አይጠቀሙበት።

የመስጊድ ኮሚቴዎችም የድርሻቸውን ሊወጡ ይችላሉ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው ከመበተኑ በፊት የግብርና ባለሙያ አሥር ደቂቃ እንዲናገር ቢፈቀድለት በአንድ ቀን ለብዙ ቀበሌ ሰው ይደርሳል። የታመመ ቅጠል ይዞ የመጣም እዚያው ያሳያል።

ውድ አንባቢያን! ለልጆቻችን ትኩሳት ቴርሞሜትርና የደም ምርመራ እስኪገኝ አያቶቻችን በግምት ብዙ ልጆች ቀብረዋል። ዛሬ ያንን ግምት ለልጆቻችን አንቀበልም። የልጆቻችን ምግብ ለሚበቅልበት ማሳም ልንቀበለው አይገባም። በመጪው መስከረም ቢጫ ቅጠል ሲያዩ ወደ መድኃኒት መሸጫው ከመሄድዎ በፊት ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ይሂዱና «ይህ በሽታ ስሙ ማን ነው? ማንስ መረመረው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው በብዙ ሰው አፍ ሲደጋገም ምርመራው ኢንሻአላህ ዓለም ከተማ ይደርሳል።